ሳንቆም ያደረስነው መርዶ

ሞተር ብስክሌት ያፈጥናል የሚባለው ውሸት ነው። ነፋሱ፣ ነፃነቱ፣ አድማሱ እያሉ የሚያወሩልን ሰዎችም ውሸታሞች ናቸው፤ ወይም እስከ ዛሬ የነዱት ድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በአስፋልት ላይ ብቻ ነው። እኔ ስለ ጉዞ የተጻፈ መጽሐፍ እጄ ከገባ ሳልጨርስ አላስቀምጠውም። ጸሐፊዎቹ በሃይማኖትም በምግብም አይስማሙም፤ መንገድ ሰውን ያስተምራል በሚለው ግን ሁሉም ይስማማሉ። እኔን ያስተማረኝ ነገር ቢኖር እግዚአብሔር ለሰው እግር የሰጠው በከንቱ አለመሆኑን ነው። ይህንንም ከቤቴ ሳልወጣ ማወቅ እችል ነበር።

የነገሩ ጠንቅ ወርቁ ነው። ወርቁ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ሲሆን፣ ሠላሳውን አልፎ ያላገባ፣ ታማኝ፣ ልከኛ፣ ስለዚህም ማንም የማያስታውሰው ሰው ነው። አንድ ግብዣ ላይ አብራችሁት ብትውሉ፣ ማታ «ወርቁ ነበረ እንዴ?» ትላላችሁ። ይህ ሰው አስናቀችን አየ። አስናቀች የጀልዴሳው የባላምባራስ ደገፉ ልጅ ናት። አባቷ በድሮ ዘመን የኬላ ዘበኛ አለቃ ነበሩ፤ አሁን የሎሚና የብርቱካን አትክልት አላቸው፤ ፍሬውን በቅርጫት እያስጫነች ወደ ጣቢያ የምታመጣው እሷ ነበረች። ሚዛኑ ላይ የሚቆመው ደግሞ ወርቁ። ከዚያ ወዲህ የባላምባራስ ብርቱካን ክብደቱ ትክክል ሆኖ አያውቅም ይባላል።

አስናቀች አንድ ወንድም ብቻ አላት። ተሾመ ይባላል። ጅቡቲ ወርዶ መርከብ ላይ የሚሠራ፣ ዓመት ሙሉ ድምፁ የማይሰማ፣ ሲመጣ ግን የዓመቱን በአንድ ሌሊት የሚያወራ ሰው ነው። ይህን ተሾመን አትርሱብኝ። እኛ ረስተነው ነው ጉድ የሆንነው።

ባላምባራስ ሽማግሌ እንዲላክባቸው በስንት ምልጃ ፈቀዱ። ነገር ግን ቁርጥ ቀን ሰጡ፤ «ሐሙስ፣ ከቀትር በፊት። ከቀትር በኋላ የኤረሩ ከብት ነጋዴ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ቀድሞ የመጣውን ቀድሜ እሰማለሁ፤ ደስ ካለኝም እዚያው እጨርሳለሁ።» ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በዚያች ቀትር ላይ ተንጠለጠለ። ከቀትር በፊት ከደረስን ወርቁ ሚስት ሊያገኝ ነው። ካልደረስን እስኪሞት ብርቱካን ሲመዝን ሊኖር ነው።

ሽማግሌ ሆነን የተመረጥነው ሦስት ነበርን። እኔ የተመረጥኩት አፍህ ይቆርጣል ተብዬ ነው። እንዲያውም ስለ ጋብቻ ጥንታውያን ካሉት አንሥቼ ወርቁ ደመወዙን አያጠፋም እስከሚለው ድረስ የሚሄድ ግሩም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ያን ንግግር እስከ ዛሬ የሰማው ሰው የለም። ሐሙስ ጠዋት የጀልዴሳው ካሚዮን ቀረ። ሾፌሩ ሠርግ አለበት ተባለ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የአንዱ ሠርግ የሌላውን ሠርግ እንዲህ ነው የሚበላው። አንደኛው ሽማግሌ ሪህ ተነሣብኝ አሉ። ሁለተኛው ያገኘነውን መጓጓዣ ባዩ ጊዜ አማትበው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያገኘነው መጓጓዣ የሙሴ ያኒ ሞተር ብስክሌት ነበር። ሙሴ ያኒ ከዚራ ውስጥ ጋራዥ ያለው ግሪክ ነው። አማርኛውን ከሚስቱ ስለ ተማረ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል። ሞተሩ ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት የሄደ ነው፤ ለምን እንደ ጣለው የገባኝ በኋላ ነው።

«ስሚ፣ ይሄ በጣም ጥሩ ሞተር» አለኝ ኮርቻውን እየደበደበ። «ፍሬን ብቻ የለም። ካቆምሽው ደግሞ አይነሣም። ገፍቶ፣ ገፍቶ፣ ቁልቁለት ይፈልጋል። ስለዚህ አታቁሚው!»

«ታዲያ እንዴት ነው የምወርደው?»

«ስትደርሺ ትወድቂያለሽ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አግቢው ከሽማግሌ ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ። ወርቁም ያውቃል። ነገር ግን ሞተሩን የሚገፋ ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ሊሄድና ጀልዴሳ ስንደርስ የሎሚ ዛፍ ሥር ሊደበቅ ተስማማን። ሁለታችንም የነጠላ ጥለት ወደ ፊት ተመልሶ የሚለበሰው ለሐዘን መሆኑን እናውቃለን። ግን ከከዚራ እስከ ደቻቱ ድልድይ ሞተር ሲገፋ የመጣ ሰው ጥለቱ የት እንደ ዋለ አያይም። የሚነዳውም ወደ ኋላ አያይም። ወደ ኋላ ያየሁ እንደ ሆነ ወደ ፊት የምንሄድበት ምክንያት ሁሉ ይጠፋኝ ነበር።

የመጋላን ገበያ አልፈን ጠጠሩ ላይ ወጣን። እዚህ ላይ ስለ ጠጠር መንገድ አንድ ነገር ልበል። ጠጠር መንገድ መንገድ አይደለም፤ ተበትኖ የቀረ ተራራ ነው። መንኮራኩሩ ሥር እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱ አሳብ አለው። ጥርሴ ከጥርሴ እየተጋጨ፣ ንግግሬ ከውስጤ አንድ አንቀጽ፣ አንድ አንቀጽ እየሆነ ሲረግፍ ይሰማኝ ነበር። ጥንታውያን የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ቀሩ።

ወርቁ ከኋላዬ ሌላ ጭንቀት ነበረው። ለአስናቀች እናት ብሎ ከመጋላ ዐረብ ሱቅ የገዛው የሽቶ ጠርሙስ በደረት ኪሱ ነበር። ጠጠሩ ባነጠረን ቁጥር፣ ጠርሙሱ አለመሰበሩን ለማወቅ ደረቱን መታ መታ ያደርጋል። አቧራው ደግሞ ዓይኑን ሞልቶት እንባው ይወርዳል።

በዚያ መንገድ አንድ ሕግ አለ። በነጋሪት አልታወጀም፤ ከሚታወጁት ይልቅ ግን ይከበራል። ከከተማ የሚመጣ ሰው ባላገር ሲያገኝ ይቆማል። ባላገሩ «ወራን?» ይለዋል፤ ወሬ ምን አለ ማለት ነው። መንገደኛው ስለ ሰላሙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ግመል ገበያው ይናገራል፤ የዚያንም ሰምቶ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ጋዜጣ የማያነብ አገር ከጋዜጣ አንባቢው ቀድሞ ሁሉን ያውቃል። ሳይቆም የሚያልፍ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ሌባና መርዶ ይዞ የሚሄድ። መርዶ ለባለቤቱ እንጂ ለመንገደኛ አይነገርምና። ሌባ ደግሞ ነጠላ ዘቅዝቆ ደረቱን እየደቃ የሚያለቅስ ሰው ከኋላው አፈናጦ አይሰርቅም። እንግዲህ የቀረውን እናንተው ድረሱበት፤ እነሱ ደርሰውበታል።

መጀመሪያ ያገኘነው ሱማሌ ግመል ጠባቂ ነበር። ገና ከሩቅ በትሩን አንሥቶ «ወራን? ነባድ?» አለ።

«ሰላም ነው! መቆም አልችልም!» ብዬ ጮህኩ፤ ነገር ግን በዚያ ሞተር ድምፅ ውስጥ ከእኔ አፍ የወጣ ነገር ወደ እኔ ጆሮም አልደረሰም። ሰውዬው ወርቁን አየ። በትሩን መሬት አድርጎ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?» አለኝ ወርቁ በጆሮዬ።

«እየመረቀን ነው።»

«ደግ ሕዝብ ነው» አለና ደረቱን መታ።

ቀጥለን ወተት ይዘው ወደ ከተማ የሚሄዱ ሴቶች አገኘን። እንዳዩን ሁሉም ቅላቸውን ከራሳቸው አውርደው ቆሙ። በአርባ ዓመቴ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቼ ስለማላውቅ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣሁ። አንዲቱ ጉንጭዋን ይዛ ዘወር አለች። ልጄን ለዚህ ዓይነቱ በሰጠሁ ብላ የተመኘች መሰለኝ።

ከዚያ አሸዋ መጣ። የደረቀ ወንዝ ነው፤ መንገዱ በመካከሉ ያልፋል። ሞተሩ አሸዋውን ሲነካ እንደ ሰነፍ በሬ ተኛ፤ እኛም አብረነው ተኛን። ስንነሣ የፊቱ ጎማ ተንፍሷል፤ የግራር እሾኽ ነው። ወርቁ ከማስቲሽና ከመንፊያው ጋር ሲታገል እኔ ፀሐይዋን ለማየት እየፈራሁ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ የት ደረሰች?»

«አትያት።»

«ከቀትር ካለፈ እኮ ማለቄ ነው። ለኤረሩ ሰውዬ ይሰጧታል። ሰውዬው መቶ በሬ አለው ይላሉ፤ እኔ ምን አለኝ?»

«ሽቶ አለህ» አልኩት፤ ለማጽናናት ነበር። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አቀረቀረ።

በዚህ መካከል አንድ አህያ የሚነዳ ሽማግሌ ደረሰ። ቆመን ነበርና ሊጠይቀን ይችል ነበር። ነገር ግን ወርቁን አየና አፉን ዘጋ። ምንም ሳይል ቅል ውኃ ከአጠገባችን አስቀምጦ፣ አህያውን በአቋራጩ፣ በወንዙ ዳር ወደ ጀልዴሳ ነዳ። ከቅድሙ ፈጠን ያለ መሰለኝ።

«አየህ ባላገር እንግዳ ሲያከብር!» አልኩት።

ስለዚህ ሞተር ያፈጥናል ለሚሉ ሰዎች መልሴ ይህ ነው፤ ወሬያችን በአህያ ቀድሞን ገባ።

ጎማውን ጠግነን፣ ሞተሩንም ከወንዙ ማዶ ባለው ቁልቁለት ገፍተን አስነሥተን ጀልዴሳ የደረስነው ከቀትር በፊት ነው። ይህን መዝግቡልኝ፤ በቀኑ ውስጥ የተሳካልን ይህ ብቻ ነበር። ከባላምባራስ ደጅ ፊት ለፊት፣ ሙሴ ያኒ እንዳዘዘው፣ ወደቅሁ። ወርቁ ዛፍ ሥር ሊደበቅ ቀርቶ በአየር ላይ አልፎኝ ሄደ። የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ከሞተሩ ጩኸት ደንቁሯል።

ቀና ስል ደጁ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው እጃቸውን ወደ ላይ ይወረውራሉ። ወንዶቹ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። እልል እያሉ ነው ብዬ አሰብኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለአንድ የጣቢያ ጸሐፊ ሽማግሌ እንዲህ ያለ አቀባበል! ወዲያው አንድ ሰው በርጩማ አመጣልኝ። እኔም ሥርዓቱን ስለማውቅ ደረቴን ነፍቼ፣ ሽማግሌ የሚለውን አልኩ።

«አንቀመጥም! ትልቅ ጉዳይ ይዘን መጥተናል፤ ሳንናገር አንቀመጥም!»

አንዲት ትልቅ ሴት ዘፍ ብላ ወደቀች። እንግዲህ ጆሮዬ የተከፈተው ይሄኔ ነው።

«ተሾመ! ተሾመዬ! ባሕር የበላህ ልጄ!»

ከመካከላቸው ያልተነቃነቁት ባላምባራስ ብቻ ነበሩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አላለቀሱም፤ አገጫቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ አገጭ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል። አንድ እርምጃ ወደ ወርቁ ተጠጉ። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

«መርዶ ሽቶ ተቀብቶ መምጣት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ።

እውነትም ወርቁ እንደ ሙሽራ ቤት ይሸት ነበር። ይሄኔ አስናቀች ዓይኗ በለቅሶ እንዳበጠ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ነጠላውን ከፊቱ ገፈፈችው።

«ወርቁ!»

«የቱ ወርቁ?» አሉ አባት።

«የ... የጣቢያው። ብርቱካን የሚመዝነው።»

«ስሙን ሚዛኑ ነው የነገረሽ?»

እኔ በዚህ ጊዜ ገባኝ፤ መርዶ ወደ ጀልዴሳ እየመጣ ነው ሲባል፣ ልጁ ባሕር ላይ ያለበት ቤት ይህ ብቻ ነበር። አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ አቧራውን፣ ጠርሙሱን። «ማንም አልሞተም! የመጣነው ለጋብቻ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አንዲት ሴት እልል አለች። አንድ ከሩቅ የመጡ ሽማግሌ ቅር ያላቸው መሰለኝ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ስለ ሠርግ ይሆን ነበር። ነገር ግን የወደቁት እናት ተነሥተው ወርቁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ልጄ፣ ደኅና ነዋ ተሾመ? በዓይንህ አይተኸዋል?»

ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን መዋሸት የሚገባው ሰዓት አለ። የወርቁ ሰዓት ይህ ነበር። መጣችለት፤ አሳለፋት።

«አይ እሜቴ፣ ካየሁት እንኳ ዓመት አልፎኛል።»

«ታዲያ አለመሞቱን በምን አወቅህ?»

ወርቁ ወደ እኔ ዞረ። ደጁ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ስለ አመክንዮ ያነበብኩትን በሙሉ በራሴ ውስጥ ገለጥኩት። አንድ ሰው እንደ ሞተ አለመናገራችን በሕይወት መኖሩን እንደማያስረዳ የሚገልጽ ጥሩ ምዕራፍ ብቻ አገኘሁ። ሴትዮዋ ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡ፤ አሁን የሚያለቅሱት በእርግጥ ነበር።

ባላምባራስ ከዘራቸውን አንሥተው መሬቱን መቱ።

«ስሙ። በዚህ ቤት ለቅሶ ገብቷል። በወሬ የገባ ለቅሶ በወሬ አይወጣም። ተሾመ በእግሩ መጥቶ በዚህች በር እስኪገባ ድረስ በቤቴ የሠርግ ነገር አይነሣም። ለእናንተም፣ ለኤረሩም፣ ለማንም!»

የኤረሮቹ ሽማግሌዎች ከቀትር በኋላ በበቅሎ ደረሱ። ሰዎቹ በየመንገዱ ቆመው ወሬ እየሰጡና እየተቀበሉ ስለመጡ፣ ነገሩን ገና ከሩቅ ያውቁ ነበር። የክት ልብሳቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን በሥርዓቱ ዘቅዝቀው ገቡ። «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ፤ በልኩ አለቀሱ፤ በልኩ ዝም አሉ። ቦታ ተሰጣቸው፤ ምግብ ቀረበላቸው። እኛ ባመጣነው ለቅሶ እነሱ ተቀምጠውበት ስለ አትክልቱ ሲያደንቁ ከአጥር ውጭ ቆመን እንሰማ ነበር።

አስናቀች ሞተሩ ወደ ወደቀበት መጣች። ወርቁ የጠርሙሱን ስብርባሪ ከኪሱ እየለቀመ ነበር።

«አንተ፣ ለአንድ ሰው እንኳ ቆመህ ደኅና ዋላችሁ ብትል ምን ነበረበት?»

«ካቆምነው ሞተሩ አይነሣም ነበር።»

«አሁንስ ተነሣ?»

አልተነሣም። ገፋነው፣ ለመንነው፣ እኔ በሦስት ቋንቋ ሰደብኩት። ስለዚህ ወደ ድሬዳዋ የተመለስነው እየገፋነው ነው፤ በእግርም ስለሆነ ያገኘን ሁሉ አቆመን። የጠዋቱ ግመል ጠባቂ ገና ሲያየን ወደ መንገዱ ገባ።

«ወራን?»

አሁን ቆመን ሁሉን ነገርነው። በጥሞና ሰማ።

«ልጁ ሞተ?»

«አናውቅም።»

«አልሞተም?»

«አናውቅም።»

«ታዲያ ምን ይዛችሁ ሄዳችሁ?»

«ሽቶ» አለ ወርቁ።

ሰውዬው ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። «ይሄ ወሬ አይደለም» አለና ወደ ግመሎቹ ሄደ። ለግመሎቹም አልነገራቸውም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቴ ደረስኩ። ሚስቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደጅ ቆማለች።

«የት ነው የዋልከው?» አለችኝ። «ለቅሶ ልንሄድ ነው። የጀልዴሳው የባላምባራስ ልጅ ሞተ አሉ። አንተ መቼም መጽሐፍህን ትተህ አንድ ወሬ አትሰማ!»

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ወርቁ በባቡር ወደ ጅቡቲ ለሚወርደው ሰው ሁሉ አደራ ይላል፤ መንገደኛ፣ ነጋዴ፣ የባቡር ነጂ ሳይል። ከጅቡቲ የሚመጣ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ትናንት እዚህ ነበር፤ በመርከብ ሄደ።» ይህን ለባላምባራስ ስንነግራቸው «ሙታንም እንዲሁ ነው የሚባልላቸው» ይላሉ። የኤረሩ ሰው በየወሩ እየመጣ በልኩ ያዝናል። አስናቀችም በብርቱካን ጫኝ በኩል አንድ ቃል ላከች፤ «እኔ እጠብቃለሁ፤ አባቴ ግን ለዘላለም አይጠብቁም።» ወርቁ ይህን ከሰማ ጀምሮ ሚዛኑን በትክክል መመዘን ጀምሯል። ከዚህ በላይ ተስፋ የመቁረጥ ምልክት አላየሁም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ መንገድና ስለ ነፋስ ደስ የሚል ነገር ስትጠብቅ ከነበርክ ከእኔ የለህም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ጅቡቲ ከወረድክ፣ ወይም ዘመድህ ከወረደ፣ ወደቡ ላይ ረጅም፣ ፍንጭት፣ ብዙ የሚያወራ፣ ተሾመ ደገፉ የሚባል ሰው ፈልግ። ካገኘኸው ክንዱን ያዝና «ሞተሃል፤ ቤትህ ሂድና አስተባብል» በለው። በባቡር ይምጣ። በሞተር የሚመጣ ከሆነ ግን እዚያው ይቅር።